ስሟን እንዳትጽፍልኝ

ጅዳ፣ መጋቢት 26 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀፊዝ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። የነቢ ጌታ ከክፉ ይሰውራችሁ፤ ይህ በሽታ ደጃችሁን አይርገጠው። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ዑምራዬን አድርጌ፣ የሸሪፋን ልጆች አይቼ በአሥራ አምስት ቀን እመለሳለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። ይኸው አውሮፕላኑ ቆመ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የሰው ጣሪያ እቆጥራለሁ። መውጣት ክልክል ነው። ሦስቱ ልጆቿ ሁለት ክፍል ውስጥ ተዘግተው የሶፋውን ስፖንጅ በጣታቸው ቆፍረው ጨረሱት። ልጄ ሸሪፋ ትጮሃለች፣ እኔ እገላግላለሁ፣ ባሏ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይቆልፋል።

በስልክ አታውራኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። ጆሮዬ ደክሟል፤ ደግሞ በዚያም በዚህም ቤት ልጅ ሞልቷል፣ ልጅ የማይመለከተውን ሁሉ ይሰማል። በመሠረተ ትምህርት ያገኘኋት ፊደል አለችኝ፤ እጽፋለሁ፣ ሸሪፋ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። አንተም እንደዚያው አድርግ። ሰው በአፉ እንደሚዋሸው በእጁ አይዋሽም።

አሁን ስማኝ። ሚስባህ በባዶ እግሩ ግቢ እንዳይወጣ፤ አምስት ዓመት ሞላው እንጂ ደረቱ ገና የሕፃን ነው። ሱሀይላ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ ብላ ፊደሏን እንዳትረሳ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ቤት አታስገባ። «ልርዳህ» የምትል ሴት አትጠፋም፤ ሚስት የሌለው ወንድ ደጅ ረዳት ይበዛል። ያቺ ልጄ ጥላችሁ ከሄደች ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ እነዚህን ልጆች በጉያዬ ያሳደግኋቸው የእንጀራ እናት እጅ እንዳይነካቸው ነው። አንተ አማቼ ብቻ አይደለህም፣ ልጄም ነህ። ግን ወንድ ነህ።

የልጆቹን ፎቶ ላክልኝ።

እናትህ ብዙዬ


ደሴ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለእማማ ብዙዬ፤

ወዐለይኩም ሰላም። ዱዓዎ ደርሶን ሁላችንም ደህና ነን። የእርስዎ ጉልበት ግን አሳስቦኛል፤ የፎቁን ደረጃ ወጣ ወረድ እንዳይሉበት።

ኮምቦልቻ ፋብሪካው ፈረቃ ቀንሶ እኔን «እስክንጠራህ ቤትህ ቆይ» ብሎኛል። ቢጠሩኝም የሐረጎን ቁልቁለት የሚያወርደኝ መኪና የለም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ከልጆቹ ጋር ነኝ። አባት የነበርኩ ይመስለኝ ነበር እማማ። ለካ ተኝተው ትቻቸው ወጥቼ ተኝተው የማገኛቸው ልጆች ናቸው።

ሽሮ ሁለት ጊዜ አሳረርኩ። ሚስባህ የጎረቤታችንን የሰርካዲስን ዶሮ ይዞ ቅርጫት ደፋባትና «ለይቶ ማቆያ ናት፣ አሥራ አራት ቀን» ብሎ ዱላ ይዞ ይጠብቃታል። ሰርካዲስ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ኧረ ሚስባህ፣ ዶሮዬ ምን አድርጋ?» ብትለው «አስላለች» አላት። አስተማሪ አይደለች፣ ሳቀችና በሦስተኛው ቀን ምርመራዋ ነፃ ነው ብላ አሳምና ወሰደቻት።

የሱሀይላን ፀጉር ልሠራ ሞክሬ ማበጠሪያው ተሰበረ። እሷም አለቀሰች፣ እኔም ላለቅስ ደርሼ ነበር። ሻሽ አስሬላታለሁ። ፎቶው ይኸው።

ልጅዎ ሀፊዝ


ጅዳ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሀፊዝ ልጄ፤

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረስ። ረመዳን ሙባረክ፤ ጾማችሁን ይቀበላችሁ።

ፎቶውን አየሁት። ሻሹ ጠማማ ነው። ደስ አለኝ፤ ጠማማ ሻሽ የወንድ እጅ ነው። የሚስባህ ሸሚዝ አንድ ቁልፍ የለውም፣ እሱም ይሁን። የሰርካዲስን ዶሮ ሁልጊዜ በአጥር ላይ ስጣት፤ በበር አይደለም። ደግ ልጅ ናት፣ አልጠላትም፤ ግን ባል የላትም።

እዚህ ከፊት ለፊታችን ካለው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። ቆሻሻ ልታወጣ በር ስትከፍት በአማርኛ ሰላም አለችኝ። የደጋን ከተማ ልጅ ናት። አራት ልጅ ትጠብቃለች። ብዙ እንድናወራ አልፈለግሁም፣ በሩን ዘጋሁ። እንደዚህ ያሉትን አውቃለሁ፤ ልጃቸውን ጥለው የሰው ልጅ ያዝላሉ።

ሌላ ፎቶ ላክ።

ብዙዬ


ደሴ፣ ግንቦት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ፤

ሰላምዎ ይብዛ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በጾሙ ምክንያት ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ሁሉም ደህና ነው። ፎቶ ልኬያለሁ።

ሀፊዝ


ጅዳ፣ ግንቦት 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለሀፊዝ፤

አላህ እውነተኛ ያድርገን። አሚን በል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አጭር ስለሆነ አላደከመኝም። «ሁሉም ደህና ነው» ትላለህ። ምኑ ነው ሁሉም? ባለፈው ስለ አንዲት ዶሮ ገጽ ሙሉ የጻፈ ሰው ዛሬ ስለ ሁለት ልጅ አራት መስመር አጣ?

ፎቶውን ሸሪፋ አጉልታ አሳየችኝ። ሱሀይላ ሹሩባ ተሠርታለች። መሐሉ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፉ እንዳይፈታ ወደ ውስጥ ተሰክቷል። ማበጠሪያ የሰበረ ወንድ ይህን አይሠራም። የሚስባህ ቁልፍ ተተክሏል፤ ክሩ ከሸሚዙ ጋር ይገጥማል። ወንድ ቁልፍ ቢተክል በነጭ ሸሚዝ ላይ በጥቁር ክር ነው። ከኋላቸው አጥሩ ላይ ትራስ ፀሐይ ተሰጥቷል። ሀፊዝ፣ አንተ ትራስ ፀሐይ እንደሚሰጥ መቼ ታውቃለህ?

ማን ናት?

ልታገባ ከሆነ አልከለክልህም፤ ሰው ነህ። ግን እኔ ባሕር ማዶ ተዘግቼ፣ ልጆቹ መሄጃ በሌላቸው ጊዜ፣ ከማታውቃቸው ሴት ጋር አንድ ግቢ መቆለፍ የአባት ሥራ አይደለም። ትምህርት ቤት የለ፣ ጎረቤት የለ፤ ብትመታቸው ለማን ይናገራሉ?

የልጆቹን ድምፅ ላክልኝ። ሁለቱንም፣ ለየብቻ።

ብዙዬ


ደሴ፣ ግንቦት 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ፤

ዒድ ሙባረክ። ከርሞ በአንድ ማዕድ ያድርገን።

ሹሩባውን ሰርካዲስ አሳየችኝ፤ እሷ በአጥሩ ማዶ ሆና፣ እኔ በዚህ። ሦስት ገመድ ወንበር ላይ አስሬ ሳምንት ተለማመድኩ። ቁልፉንም እንዲሁ። ትራሱን ሱሀይላ ናት ያወጣችው። ልጆቹን የሚመታ የለም፤ በዚህ ወላሂ ብዬ እምላለሁ።

የልጆቹ የዒድ ድምፅ አብሮ አለ።

አሁን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሱሀይላ ሰሞኑን «እናቴ ሞታለች» ስትል ሰማኋት። ቀስ ብዬ ማን ነገረሽ ብላት «እማማ» አለች። እኔ ቀኑን ሙሉ ኮምቦልቻ ስውል ቤት ውስጥ የተባለውን አላውቅም። ስሟ እንዳይነሳብዎ ብዬም እኔ ራሴ ለልጆቹ ስለ እናታቸው አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም፤ ይህ የኔ ጥፋት ነው። ግን ዓረብ አገር እንዳለች ያውቃሉ ብዬ ነበር የማስበው። ልጅቷ ተሳስታ ነው?

ልጅዎ ሀፊዝ


ጅዳ፣ ሰኔ 2 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለሀፊዝ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን ወረቀት ሸሪፋ አላየችውም። ራሴ ነኝ ፎቶ ያነሳሁት፤ ጎኑ ቢቆረጥ አትሳቅብኝ።

ልጅ ብዙ ነገር ይላል። እሱን ስመጣ እንነጋገራለን። አሁን የጠየቅሁህን አታዙርብኝ።

ሰርካዲስ ጋ በሸሪፋ ስልክ ደወልኩ። «እንዴት ከረምሽ» ብዬ ሳልጨርስ «አዎ፣ ሹሩባውን እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለችኝ። ያልተጠየቀችውን መለሰች። እሷን ደግ ልጅ ነበር የምላት፤ ውሸት አላስተማርካትም ትላለህ?

የሚስባህን ድምፅ ሰማሁ። «ዒድ ሙባረክ እማማ» አለ፤ ከዚያ አንተ ቀጥል ስትለው «ኸላስ!» አለህ። ኸላስ። ይህቺን ቃል እዚህ የሸሪፋ ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ይሏታል፤ በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተወልዶ ሐረጎን ወርዶ የማያውቅ ልጅ ከማን ተማራት?

ስለዚህ ሴትየዋ ከዓረብ አገር የመጣች ናት። እዚህ በሽታው ሰው እንደ ቅጠል እያረገፈ ነው፤ ተመላሾችን በአውሮፕላን ጭነው እንደላኳቸው ሰምቻለሁ። መቼ ገባች? ተመርምራለች? ልጆቹን ከመንካቷ በፊት ስንት ቀን ተለይታ ቆየች? የት ነው የምታድረው?

ለነዚህ መልስ ስጠኝ። ስሟን ግን እንዳትጽፍልኝ። ሀፊዝ፣ ስሟን እንዳትጽፍልኝ።

ብዙዬ


ጅዳ፣ ሰኔ 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሀፊዝ ልጄ፤

ምነው ዝም አልክ? አሥራ ዘጠኝ ቀን። ልጆቹ ታመው ነው? ታመው ከሆነ ደብቀህ አትግደለኝ።

ያቺን የደጋን ልጅ ትናንት ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከመጋቢት ጀምሮ ከዚህ ፎቅ ወርዳ አታውቅም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሌላቸው ቀንና ሌሊት የሷ ናቸው፤ እናትየው ደጅ መውጣት የቀረባትን ንዴት የምትወጣው በሷ ላይ ነው። የራሷን ወንድ ልጅ ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። ስልኳን እመቤቲቱ ይዛባታለች። «እትዬ፣ ለልጄ ስሜን የሚነግሩት ይመስልዎታል?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ጉልበቴን አመመኝ አልኩና ገባሁ።

ጻፍልኝ። ተቆጥተህም ቢሆን ጻፍልኝ።

ብዙዬ


ደሴ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፤

በመጀመሪያ ልጆቹ አልታመሙም። አብሽሩ፣ አይዞዎ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ተቀምጠው ያንብቡት።

ኢንተርኔቱ ከሰኔ 23 ጀምሮ ተዘግቶ ገና ሰሞኑን ነው የተከፈተው። ከዚያ በፊት ያለው ሃያ ቀን ግን የኔ ዝምታ ነው። ደብዳቤዎን ኪሴ ይዤ እዞር ነበር።

ስሟን አትጻፍ ብለውኛል፣ አልጽፍም።

የመጣችው ረመዳን የገባ ዕለት ነው። ከላኳቸው ተመላሾች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ አሥራ አራት ቀን ለይተው አስቀምጠው፣ መርምረው ለቀቋት። መኪና ስለሌለ አንድ የጭነት ሾፌር ለምና ሐርቡ ድረስ መጣች፤ እሱ ኬላውን ፈርቶ እዚያ አወረዳት። ሐርቡ ተነስታ ኮምቦልቻ በእግሯ ገባች፣ ሐረጎን በአይሱዙ ወጣች። በራችንን አላንኳኳችም። ሚስባህ ነው «አባዬ፣ አንዲት ሴት ደጃችን ቆማ አትሄድም» ያለኝ።

ወጣሁ። አፏን በማስክ ሸፍና ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ዓይኗን አየሁት።

«አልጠጋህም» አለችኝ። «ልጆቹን በመስኮት አሳየኝና እሄዳለሁ።»

«የት ትሄጃለሽ?»

«እናቴ አለች?»

«የለችም። ጅዳ ናት።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። የሸሸቻትን እናቷን እየፈራች ስትመጣ፣ እናቷ ደግሞ እሷ ከወጣችበት አገር ተዘግቶባት ቀርታለች።

ጓሮ ያለችውን ማድ ቤት ሰጠኋት። እዚያም ሌላ አሥራ አራት ቀን ዘግታ ተቀመጠች፤ ራሷ ናት የጠየቀችው። ለልጆቹ እንግዳ ናት አልኳቸው። ሱሀይላ ምግቡን ደፉ ላይ አስቀምጣ ትሮጣለች። ሚስባህ አሥር እርምጃ ርቆ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ከውስጥ ተረት ታወራለታለች። ተረቱ ሲያልቅ «ኸላስ» ትላለች። ከዚያ ነው የተማራት።

ቀኗን ስትጨርስ ሱሀይላ ማበጠሪያ ይዛ ሄደች። እኔ ልብስ አሰጣ ነበር፤ ሰማኋቸው። ልጅቷ «የኔ እናት ሞታለች። አንቺስ ልጅ አለሽ?» አለቻት። እሷም እጇን ሳታሳርፍ «አሉኝ፣ ሁለት» አለች። ሹሩባውን ጨርሳ ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ዛሬ ንገሪያቸው፣ ነገ ንገሪያቸው ስላት እንቢ አለች። «ሞታለች ያለቻቸው እናቴ ናት፤ ከሞት የምታስነሳኝም እሷ ናት። ያለሷ ፈቃድ እኔ ብናገር ልጆቹ ማንን ያምናሉ?» ትላለች። ይኸው ለልጆቿ ታበስላለች፣ ሱሀይላን ታስነብባለች፣ «እንግዳዋ» እየተባለች ማድ ቤት ታድራለች።

ለምን ጠፋሽ ብላት ስልኬን አሠሪዎቼ ወሰዱት ብቻ ነው የምትለኝ። ሌላ ነገር እንዳለ ይታየኛል። እርስዎ እኔን ሲጠረጥሩ፣ እኔም እርስዎን ስጠረጥር ሁለት ወር አለፈ። ዋሽቻለሁ፤ አውፍ ይበሉኝ። አሁን ግን ተራው የእርስዎ ነው።

ልጅዎ ሀፊዝ


ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ ሀፊዝ፤

አላህ ልብህን እንዳሰፋው ቤትህን ያስፋው። እንደምታየው አገሬ ገብቻለሁ። በመመለሻ አውሮፕላን ቦታ ሲገኝ ሸሪፋ አሳፈረችኝ፤ አዲስ አበባ መርምረው ነፃ ነሽ አሉኝ። ደሴ ግን አልወጣሁም። ወንድሜ ሰይድ ቤት ጓሮ አሥራ አራት ቀን ልቀመጥ ብያለሁ። እሷ የተቀመጠችውን ያህል።

የማታውቀውን ልንገርህ፤ እሷ ሸፍናኝ ነው እንጂ ታውቀዋለች። ጥላችሁ በሄደች በአርባ ቀኑ አባቷ ወድቆ ሞተ፤ የገደለችው እሷ ናት አልኩ፣ ሬሳዬንም እንዳታይ ብዬ ማልኩ። በ2010 ለዒድ ደወለች። አንተ ሥራ ነበርክ። «ልጆቼን አሰሚኝ» አለችኝ። «ልጆችሽ ሞተሻል ተብሎ አልቅሰው ጨርሰዋል፤ ሁለተኛ እንዳታስለቅሻቸው» አልኳት። ውሸቴን ነበር። ያን ጊዜ ምንም አልነገርኳቸውም። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሱሀይላን ጠርቼ ውሸቴን እውነት አደረግሁት።

በንዴት ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር። ንዴት ብቻ አይደለም። እመጣለሁ ብላኝ ነበር በስልኩ፤ መጥታ ልጆቹን እንዳትወስድብኝ ፈራሁ። ባሌ ሞቷል፣ አንተ ማታ ነው የምትገባ፤ እኔ ምን ይዤ ልቀር ነው? ያንን ሁሉ ጊዜ የእንጀራ እናት ስጠብቅ፣ ከልጆቹ ላይ እናት የነጠቅሁት እኔ ነኝ።

በሚስባህ ድምፅ ላይ ኸላስ የምትለዋን ስሰማ አውቄአለሁ፣ ሀፊዝ። ስሟን አትጻፍ ያልኩህ ያልሰማሁ ለመምሰል ነው።

ረውዳ። ይኸው ጻፍኩት።

ከታች ያለው የሱሀይላ ነው። ማንም አያንብብላት፤ ራሷ ታንብበው። ጮክ ብላ፣ እናቷ ባለችበት።

ብዙዬ

ሱሀይላ የኔ ልጅ፤
እማማ ናት የጻፈችልሽ።
እማማ ዋሽታሻለች።
እናትሽ አልሞተችም።
ሹሩባሽን የሠራችው እሷ ናት።
አንቺን ጠልታ አይደለም የቀረችው።
እኔ ነኝ አትምጪ ያልኳት።


ደሴ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፤

ሰላም ለእርስዎ። እንኳን ለአገርዎ አበቃዎ።

የርስዎን ደብዳቤ ሳነብ በጣም ተናድጄ ነበር፤ አልደብቅዎትም። ሁለት ቀን ወረቀቱን ለልጅቷ አልሰጠሁም። ዛሬ ጠዋት ግን ሁሉንም በረንዳ ላይ ሰበሰብኳቸው።

ፊደል በፊደል ነው ያነበበችው። «እማማ ዋ-ሽ-ታ-ሻ-ለች» ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «አባዬ፣ ልክ ነው?» አለችኝ። ልክ ነው፣ ቀጥዪ አልኳት። ረውዳ ምን እንደተጻፈ አላወቀችም፤ አልነገርኳትም። የሚስባህን ጥፍር እየቆረጠች ነበር። «እናትሽ» የሚለው ሲነበብ እጇ ቆመ። ልጅቷ ሹሩባውን የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ድምጿ እየቀነሰ ሄደ፤ እስከ መጨረሻው ግን አነበበች።

ሱሀይላ ረውዳን ብዙ አየቻት። አልሮጠችም፣ አላቀፈቻትም። ወደ እኔ ዞራ «ታዲያ ለምን ማድ ቤት ትተኛለች?» አለችኝ። ሚስባህ ግን «ሞተሽ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ረውዳ «አልሞትኩም» አለች፤ የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነው። «እሺ፣ ይሄኛውን ጣቴን አልቆረጥሽም» አላት።

ሱሀይላ ተነስታ ሄደች። ተከፍታ መስሎኝ ብከተላት ማድ ቤት ገብታ ፍራሹን በአንድ ጫፍ ይዛ ስትጎትት አገኘኋት። በጭቃው እየጎተተች ሳሎን አስገባችው። እናቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ስለ እርስዎ ረውዳን ጠይቄያታለሁ። «ትምጣ። በሩን ግን አንተ ክፈትላት፤ እኔ ገና ነኝ» አለች። ከዚህ የበለጠ አላስገድዳትም፤ እርስዎም አያስገድዷት። ቀንዎን ሲጨርሱ ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ እወስድዎታለሁ።

ሱሀይላ መልሱን እኔ ነኝ የምጽፈው ብላ ወረቀቱን ቀምታኛለች። ከዚህ በታች ያለው የእጅ ጽሑፍ የሷ ነው።

ልጅዎ ሀፊዝ

እማማ ነይ። ሌላ የዋሸሽኝ ካለ ግን ሳትመጪ ጻፊልኝ። አሁን ራሴ አነባለሁ።
ሱሀይላ